የማዳም ግራጫ

ማዳም ሳሎኗን ግራጫ ለማስቀባት ባትነሳ ኖሮ ፈትለወርቅ ይሄኔ ሙሽራ ነበረች። ዓረብ አገር፣ አል ገራፋ ሰፈር፣ እዚህ ቪላ ተቀጥራ ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ፓስፖርቷን የማዳም ባል ባባ ካዝናው ውስጥ ቆልፎበታል። እጮኛዋ ደምሰው ደብረ ብርሃን ሆኖ ይጠብቃታል። ሽማግሌዎቹ ሰርጉን ለሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዓመተ ምሕረት ጥር ቆርጠዋል፤ ጾም ከገባ ማን ይድራል? ማዳምም "ቀለሙ ሲያልቅ ትሄጃለሽ፣ ኢንሻአላህ" ብላለች። ፈትለወርቅ ግን ስለ ሰርጉ ትንፍሽ አላለችም። አግብታ ትቀራለች ብለው ፓስፖርት የሚከለክሉ ስንት አሉ! "እናቴን ልጠይቅ" ነው ያለችው።

ቀለሙ አለቀ? ወይ ማለቅ! ማዳም የፈለገችው ያልነጣም ያልጠቆረም፣ መሀል ላይ ያለ ግራጫ ነው። የመጀመሪያው ሲደርቅ ሰማያዊ መሰላት። ሁለተኛው ወደ ወይን ጠጅ አደላባት። ሦስተኛውንማ "ይሄ ሲሚንቶ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ልኖር ነው እንዴ?" ብላ አስፋቀችው። አቧራ እንዳይገባ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ፈትለወርቅ የቀለም ሽታ እየማገች ወለል ስትፈገፍግ ትውላለች።

"እንዴት ነው?" ትላታለች ማዳም በየቀለሙ።

"በጣም ቆንጆ ነው ማዳም!" እሷ ምን ቸገራት፣ ኮሶ ቢቀቡትም ቆንጆ ነው።

"አንቺ ሁሉንም ቆንጆ ነው ትያለሽ። አላምንሽም።" እንደገና ይፋቃል።

ጥምቀት ሲያልፍ የፈትለወርቅ አንጀት አረረ። አራተኛው ተቀብቶ ማዳም "እንዴት ነው?" ስትላት፣ "አስቀያሚ ነው! የመጀመሪያው በስንት ጣዕሙ!" ብላ ጮኸችባት። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ማዳም ግን ግድግዳውን ትክ ብላ አየችው። እውነትም አስቀያሚ ነበር። የመጀመሪያው ግራጫ ተመልሶ ተቀባ፤ ማዳምም መሀል ሳሎኑ ቆማ በደስታ አጨበጨበች።

"ዓይን አለሽ! ቀጥሎ አል አዚዚያ ያለው የልጄ ቤት ነው፤ ቀለሙን አንቺ ነሽ የምትመርጪው። እናትሽን ከዚያ በኋላ ትጠይቂያለሽ፣ ኢንሻአላህ።"

ፈትለወርቅ ፊቷ ተደቀነች። "እናቴን አይደለም ማዳም፣ ሰርጌ ነው! ጾም ሳይገባ መድረስ አለብኝ!"

ትቆጣለች ስትል ማዳም እልልታዋን አቀለጠችው። እቅፍ አድርጋ ሳመቻት። "መብሩክ! ምን አስደበቀሽ? መሄድስ ለምን? እሱን እናመጣዋለን! ባባ ቪዛ ያወጣለታል፣ ሾፌራችን ይሆናል፤ ሰርጉን እዚሁ ሳሎን እንደግሳለን። ስሙ ማነው?" ባባ ጋ ልትደውል ስልኩን አነሳች።

የምሯን ነው። ክፉ ብትሆንማ በስንት ጣዕሟ!

የደምሰው ስም ፈትለወርቅ ምላስ ላይ ደረሰ። በዚያ በር፣ በአዲስ ሱፉ፣ እየሳቀ ሲገባ ታያት። ፓስፖርቱ ከእሷ ፓስፖርት ጋር ካዝና ውስጥ ሲቆለፍም ታያት። ሲወጣ ግን አልታይ አላት።

"ዋሽቼ ነው፣ ማዳም።" እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ለመሄድ ብዬ ነው። እጮኛ የለኝም።"

ማዳም ስልኩን መልሳ አስቀመጠች። እንባዋን ስታይ አዘነችላት፣ ጉንጯን በመዳፏ ጠረገችላት።

"ሞኝ! ታዲያ ምን ያስቸኩልሻል?" አለቻት። በማግስቱ ጠዋት ወደ አል አዚዚያ ይዛት ሄደች።