የወንዝ ማዶ ደም

"ኧረ ተው ልጄ! ጣቴን ልቀቅ፤ ቆርቤአለሁ እኮ!"

አያ ማሩ እጃቸውን መንጭቀው ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉት። ዋኘው በአንድ እጁ መርፌውን፣ በሌላው በአልኮል የራሰውን ጥጥ እንደያዘ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተገትሮ ቀረ። ቅዳሴ ተፈጽሞ ሰዉ በካፊያው ውስጥ አፉን በነጠላ እየሸፈነ ይወጣል። ዋኘውን ያየ ሁሉ መንገዱን ይለውጣል።

"አንዲት ጠብታ ብቻ ነች አያ ማሩ። አያምም።"

"ሕመሙን ማን ፈራ! የቆረበ ሰው ደም ያፈስሳል? አባትህ መሪጌታ ነበሩ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ይህ ይጠፋሃል?"

አይጠፋውም። የጠፋውስ በሆነ፤ መለመኑ በቀለለው ነበር።

"ፍልሰታ ትፈታ ብቻ" አሉ አያ ማሩ፣ የልጁ ፊት አሳዝኗቸው። "በአሥራ ሰባት ና። አሥሩንም ጣቴን እሰጥሃለሁ። ምራቴንም ልጆቿንም አሰልፍልሃለሁ።"

"ደሙን የምትወስደው መኪና ነገ ነው የምትመጣው። በአሥራ አራት።"

"ምነው? ሦስት ቀን መታገሥ አቃታት?"

ዋኘው ጥጡን ጣለው። ይህን ሙግት ከነሐሴ አንድ ጀምሮ ስንት ደጃፍ ላይ እንደተሟገተው ቤት ይቁጠረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ሐምሌ ላይ፣ ጎንደር የሚገኘው የወባ ክፍል ካሠለጠናቸው ስድስት ተለማማጆች አራቱን አሰናብቶ ዋኘውንና አድማሴን አስቀረ። ቋሚ ቅጥር ያለው ግን ለአንድ ሰው ነው። ሁለቱ ከእንፍራንዝ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ወርደው፣ በአንድ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት አጥቢያዎችን ተካፈሉ፤ ወዲህኛው ለዋኘው፣ ማዶው ለአድማሴ ደረሰ። እያንዳንዳቸው ከሰማንያ ሰው ጣት ሰማንያ ጠብታ ደም በሰማንያ መስታወት ላይ ቀብተው፣ የባለ ደሙን ስም በመስታወቱና በመዝገብ ላይ ጽፈው እንዲያመጡ ታዘዙ። ደሙ ጎንደር ላይ በአጉሊ መነጽር ይታያል። ወባ የተገኘበት አጥቢያ ከመስቀል በፊት መድኃኒት ይረጭለታል፣ ክኒንም ይታደለዋል። ያልተገኘበት ይታለፋል። ቀኑን ቆርጠው የሰጡት የውጭ አገር ባለሙያዎች ናቸው ተባለ፤ ነሐሴ በዚህ አገር ፍልሰታ መሆኑን መቼም ማን ያሳስባቸው! ዋኘው አርባ ሰባቱን ጾሙ ሳይገባ አግኝቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም አልጨመረም።

አያ ማሩ ሊሄዱ ካሉ በኋላ ተመለሱ።

"ደሙን ነፍገንህ እንዳይመስልህ። ባለፈው ጥቅምት ንዳዱ ሲገባ ከዚህ ደብር ሠላሳ አንድ ሰው ቀብረናል። ከማዶማ ቀባሪ ጠፍቶ እኛ ነን ተሻግረን የቀበርንላቸው። መድኃኒቱን እንፈልገዋለን። ለአለቆችህ ይህን ንገርልን፤ ሸጋ ልጅ ነህ።"

"እነግራለሁ" አለ ዋኘው። ለማን እንደሚነግር ግን እሱም አያውቅም።

የአንድ ሰዓት ጭቃ ረግጦ እንፍራንዝ ሲደርስ ጀንበር አልጠለቀችም። አድማሴ፣ ከወይዘሮ እንኳየሁ በተከራዩት ክፍል ውስጥ መደቡ ላይ ጋደም ብሎ ያፏጫል። የመስታወት ሣጥኑ ታስሮ፣ ወረቀት ተለጥፎበት፣ ራስጌው ተቀምጧል።

"ሞላልህ እንዴ?" አለ ዋኘው።

"ሰማንያ! አንዲት አልጎደለች።"

"በፍልሰታ? ከማዶ?"

አድማሴ ማፏጨቱን ተወና ግራ እጁን ብድግ አድርጎ አሳየው። አምስቱም ጣቶች ጫፋቸው አብጦ፣ በመርፌ ተበሳስቶ ወንፊት መስሏል።

"ከጾሙ በፊት ያገኘሁት ሃያ አንድ ነበር። ምን ላድርግ? ሌላውን ከዚሁ ቀዳሁት። ስሙን ከአጥቢያው መዝገብ ገለበጥኩ። ደም ደም ነው፤ መስታወቱ የማን ነህ ብሎ አይጠይቅም።"

"አንተ እኮ ወባ የለብህም።"

"እግዚአብሔር ይመስገን!" ብሎ አድማሴ ሳቀ።

"አትሳቅ! መስታወቱ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ 'እዚያ ወባ የለም' ብለው ይጽፋሉ። ማዶ መድኃኒት የሚባል አይደርሳቸውም። ባለፈው ጥቅምት የሆኑትን ሰምተሃል።"

አድማሴ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ለዋኘው ነገሩ ሁሉ በቀለለው። ሁለት ወር ሙሉ በአንድ ሽሮ የኖሩ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው የተሸከመው ሰዎች ናቸው።

"ከሃያ አንዱ ውስጥ ይገኝ ይሆናል" አለ አድማሴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ባይገኝም ለከርሞ እኔው ራሴ እመጣላቸዋለሁ። በእናቴ እምልልሃለሁ! አንተ የካህን ልጅ ነህ፣ ብትወድቅ የምትጠጋበት ደብር አለህ። እኔ ብወድቅ ዳባት ወጥቼ የወንድሜን በሬ ነው የምከተለው። መሬቱ እንኳ የኔ አይደለም።"

ዋኘው ግን የሚጠጋበት ደብር የለውም። አባቱ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ቁስቋም ያለው ቤት የአገልግሎት ቤት ስለሆነ ለተተኪው መሪጌታ ተሰጥቷል። እናቱና ሁለቱ ታናናሽ እኅቶቹ እስከ ዕንቁጣጣሽ እንዲለቁ ተነግሯቸዋል። እሱ ድጓውን ትቶ አስኳላ ባይገባ ኖሮ ቤቱ የእሱ ነበር። ይህን እናቱ አንድ ቀን እንኳ አንሥታበት አታውቅም፤ ዝምታዋ ነው የሚቆጠቁጠው።

"አምጣ እጅህን" አለ አድማሴ። "ሠላሳ ሦስት ምን አላት! እራት ሳይቀርብ እንጨርሳታለን። እኩል እንሁንና ዕጣ ይለየን።"

ዋኘው ዕቃውን ከቦርሳው አወጣ። ሰው ነውና ልቡ ተሰነጠቀ። የገዛ ጣቱን ወጋ፣ ጠብታዋን መስታወቱ ላይ አሳረፈ፣ እርሳሱን አነሣ። "ማሩ" ብሎ ጻፈ። የአባታቸውን ስም ሊጨምር ሲል እጁ እምቢ አለው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲመለሱ፣ "ንገርልን" ሲሉት ታዩት። መስታወቱን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና መደቡ ላይ ወረወረው።

"ሞኝ!" አለ አድማሴ። ወዲያው ግን መጸጸቱ ይሁን ማፈሩ ሳይታወቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግስቱ መኪናዋ በሰዓቷ መጣች፣ ሁለቱንም ከነሣጥናቸው ጭና አዘዞን አልፋ ጎንደር አወረደቻቸው። በመንገድ ላይ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

የወባ ክፍሉ አለቃ አቶ ዳኛው ሣጥኖቹን ከፍተው ቆጠሩ። ሰማንያ። አርባ ሰባት። መነጽራቸውን አውልቀው ዋኘውን በሐዘኔታ አዩት።

"ምነው ዋኘው? ካንተ ይህን አልጠበቅኩም።"

"ጾም ነው ጌታዬ። ሰዉ ሁሉ ቆርቧል።"

"ማዶም ጾም ነው። አድማሴ እንዴት አገኘ?"

ዋኘው ወደ አድማሴ ዞር አለ። አድማሴ ጎኑ ቆሞ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቷል።

"ጌታዬ፣ የአድማሴን መዝገብ በሚመለከት..."

"ተው!" አቶ ዳኛው እጃቸውን አነሡ። "ቅጥር በመጣ ቁጥር አንዱ ተለማማጅ ሌላውን ይከስሳል። አምና ሁለት ተለማማጆች ተካሰሱና አጣርቼ ሁለቱም ውሸት ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ምያለሁ፤ ተወዳዳሪ ስለ ተወዳዳሪ የሚነግረኝን አልሰማም። አሁን የሚቀረው፣ በደንቡ መሠረት አንዳችሁ በሌላው መዝገብ ላይ 'በትክክል የተሞላ ነው' ብላችሁ በምስክርነት መፈረም ነው። አድማሴ ያንተን ይፈርማል፣ አንተ የሱን። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኑ።"

"ባልፈርምስ?"

"ካልፈረምክ የሱ መዝገብ አይቆጠርም፣ ቦታውም ላንተ ይሆናል። ያኔ ሰው ምን እንደሚልህ አንተው ታውቀዋለህ። እኔም የምለው ያንኑ ነው።"

ዋኘው ወደ ቁስቋም የሚወስደውን ዳገት ወጣ። እግሩ የት እንደሚወስደው አላስተዋለም፤ ሲነቃ የእናቱ በር ላይ ቆሟል። እናቱ ወይዘሮ ሽታዬ የአባቱን የብራና መጻሕፍት በአሮጌ ሻሽ እየጠቀለለች ሣጥን ውስጥ ትደረድራለች።

"ተቀጠርክ?" አለችው ቀና ሳትል።

"ገና ነው እምዬ።"

"አዘዞ ሁለት ክፍል ቤት አይተናል። አከራዩ 'ከመካከላችሁ የመንግሥት ደመወዝተኛ ካለ ግቡ' ብሏል። ልጄ አለ ብዬዋለሁ።"

ዋኘው ደፉ ላይ ተቀመጠና ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት። እሷም ሥራዋን ትታ አዳመጠችው። ሲጨርስ የያዘችውን ሻሽ አጣጥፋ አስቀመጠች።

"እውነትህን ነው" አለች በመጨረሻ። "ግን ማን ያምንሃል? 'ቦታውን ፈልጎ ጓደኛውን አረደው' ነው የሚሉህ። ምቀኛ ተብለህ በዚህ ከተማ እንዴት ትኖራለህ? ያ ልጅም የሰው ልጅ ነው፣ እናት አለችው።"

"ልፈርም?"

"አላልኩም።"

"አልፈርም?"

"እሱንም አላልኩም! ምን ልበልህ ልጄ? አባትህ ቢኖሩ እጠይቃቸው ነበር። ለራስህ ብለህ እስከሆነ ድረስ ምንም ብትናገር አይሰማም፤ የማውቀው ይህን ብቻ ነው።"

ወዲያው ማልቀስ ጀመረች። ዋኘውም እንባው መጣ። ሊያጽናናት አልቻለም፤ ምን ብሎ? ሣጥኑን አንሥቶ ከግድግዳው አስጠጋላት፣ ያ ብቻ ነበር የሚችለው። ከፈረመ የማዶ ሰዎች በጥቅምት ይቀበራሉ። ካልፈረመ እውነቱ በእሱ አፍ ሐሰት ይሆናል፤ አቶ ዳኛውም ቅጥሩን ሰጥተው ነገሩን ይረሱታል እንጂ የማዶን ደም እንደገና አያስቀዱም። ዳገቱን ሲወርድ እናቱ ያለችው ቃል ከጆሮው አልወጣም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባ። አድማሴ ቀድሞ ደርሶ፣ የዋኘውን መዝገብ ፈርሞ፣ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦለታል። ከመዝገቦቹ አጠገብ የሁለቱ ስም የተጻፈበት የቅጥር ወረቀት ተዘርግቷል።

"ፈርም እንግዲህ" አሉ አቶ ዳኛው።

"ጌታዬ፣ በመጀመሪያ ስሜን ከዚህ ወረቀት ይሰርዙልኝ።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ተወዳዳሪ ስለ ተወዳዳሪ የሚነግረኝን አልሰማም ብለዋል። ተወዳዳሪነቱ ይቅርብኝ።"

አቶ ዳኛው ወደ ኋላ ተደግፈው ቀስ ብለው አዩት። "ልብህ ጋ ነህ? ስምህ ከተሰረዘ ወዲያ የመጣው ቢመጣ ቦታው ላንተ አይመለስም። ሁለታችሁም ከወጣችሁ ከአዲስ አበባ ሌላ ሰው ነው የሚልኩብኝ።"

"አውቃለሁ።"

"እናትህ ችግር ላይ መሆኗን ሰምቻለሁ።"

"እሱንም አውቃለሁ፣ ጌታዬ።" ፈርቷል፤ መፍራቱንም ሊደብቀው አልቻለም።

አቶ ዳኛው ወረቀቱን ወደ እሱ ገፉት። "እንግዲያው ራስህ ሰርዘው። እኔ እጄን አላስገባም።"

ዋኘው እስክሪብቶውን አነሣ። የራሱን ስም ከነአባቱ ስም በአንድ መስመር ሰረዘና ከጎኑ ፈረመበት።

"ዋኘው፣ ምነው?" አለ አድማሴ፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። "ምነው ወንድሜ?"

ዋኘው ዞሮ ሊያየው አልደፈረም። ወረቀቱን ለአቶ ዳኛው መለሰ። እሳቸው የተሰረዘውን ስም አይተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጠበቁት።

"ጌታዬ፣ ፍልሰታ ከገባች ወዲህ ከወንዙ ማዶ ደሙን የሰጠ ሰው የለም" አለ።