ዝም የሚባልበት ክፍል

በዚያ ሆስፒታል ልብ ከፍተው የሰፉ የመጀመሪያው ሐኪም ጋሼ ናቸው። ከእሳቸው በፊት ልቡን የተወጋ ሰው የሚጠብቀው ሬሳ ክፍል ብቻ ነበር። ታዲያ እጃቸው ብቻ ሳይሆን ሕጋቸውም ዝነኛ ነው፤ እሳቸው ሲሠሩ ካልተጠየቀ በቀር ማንም ትንፍሽ አይልም። «ዝም አይነቅዝም» ይሉና ምላጫቸውን ያነሳሉ። ያስነጠሰ ሐኪም ሳይቀር ተባሯል እየተባለ ይቀለዳል፤ ቀልዱ የሚወራው ግን ከበሩ ውጭ ነው።

ዛሬ ጠረጴዛው ላይ የተኙት ራሳቸው ናቸው። የልባቸው ቫልቭ አልዘጋ ብሎ ደም ወደ ኋላ ይመልሳል። ምላጩን የያዘችው ደግሞ ከተማሪነቷ ጀምረው ሙያውን ያስተማሯት ሐኪም ናት። ማደንዘዣ ሊሰጣቸው ሲል እጇን ያዝ አድርገው፣ «እንዳስተማርኩሽ ሥሪ፤ ወሬ አልወድም» አሏት።

«እሺ ጋሼ» አለች። ለእሳቸው እምቢ ብላ አታውቅም። ፈርታለች፤ የገዛ አባቷ ቢሆኑ እንኳ እንዲህ የምትፈራ አይመስልም።

ቫልቩን ቀይራ ልቡ በራሱ መምታት ሲጀምር እፎይ ልትል ምንም አልቀራትም። ደረታቸውን ልትዘጋ ስትል ከፊቷ የቆመውን ረዳት ሐኪም አየችው። ዓይኑ ከጭምብሉ በላይ ፈጧል። እሷን ያይና መልሶ ወደ ጋሼ ልብ ጀርባ ያያል፤ ከእሷ በኩል የማይታይ ቦታ ነው። ግንባሩ ላብ በላብ ሆኗል፤ ግን አልተናገረም። እሱም የጋሼ ተማሪ ነዋ!

«ምን አየህ?»

ዝም።

«ተናገር እንጂ፣ ምን ይዘጋሃል!» ብላ ጮኸች።

«ከኋላ… ከኋላ ይደማል። ከቅድም ጀምሮ።»

ከቅድም ጀምሮ! በጥፊ ብትለው ደስ ባላት፤ ግን ጊዜ የለም። ጣቷን ከልቡ ጀርባ ሰዳ ቀዳዳውን ደፈነች። «የደም ግፊቱ?» ስትል ማደንዘዣ ሰጪው «እየወረደ ነው» አለ፤ እሱም እስኪጠየቅ ጠብቋል።

«ከአሁን በኋላ ያየ ሁሉ ይናገር!»

ክፍሉ ገበያ መሰለ። አንዱ ሲጣራ ሌላው ሲመልስ፣ ረዳቷ ቀዳዳውን ይዞላት እሷ ስትሰፋ፣ ግፊቱ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ደረታቸውን የዘጋችው ከዚያ በኋላ ነው።

በነጋታው ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ። «ጸጥ ብላችሁ ሠራችሁ?» አሉ በደከመ ድምፅ።

አዎ ብትላቸው ደስ ይላቸዋል።

«አይ ጋሼ። ጸጥ ብንል ኖሮ ሞተው ነበር» አለችና የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው መለሱ።

«እንግዲያ» አሉ፣ «ዝም እየተባለ ስንቱ ሞቶብኝ ይሆን?»