የማይቀደድ አንገትጌ

ልብስ ሰፊዋ የሊቀ ካህናቱን ልብስ ለታናሽ ወንድሟ ስትሰፋ ሁለት ወር ሙሉ ወገቧ ተቆረጠ። ወንድምየው ሰባኪ ነው፤ አሮን የለበሰው ጨርቅ ሁሉ የክርስቶስ ጥላ መሆኑን እሱ ራሱ ለብሶ ለሕዝቡ ሊያሳይ ቆርጦ ተነስቷል። ሰማያዊውን ቀሚስ ከመጋረጃ ጨርቅ አወጣችለት። በደረት ኪሱ ላይ፣ የነገዶቹ ስም በተቀረጸባቸው ድንጋዮች ፈንታ፣ አሥራ ሁለት ባለቀለም የብርጭቆ ስባሪዎች ደረደረች። አንገትጌው እንዳይቀደድ ተብሎ በኦሪት ስለተጻፈ አጥፋ ሦስት ጊዜ ሰፋችው። በታችኛው ጠርዝ ዙሪያ ሻኩራዎቹን፣ ማለትም ትንንሽ ቃጭሎችን አንጠለጠለች። ስድስት ተረፏትና ከክሮቿ ጋር በጣሳ አኖረቻቸው።

ልብሱ የተሰፋው እናታቸው በተኛችበት ክፍል ነው። ዓይኗ የጠፋው አሮጊት፣ ልጇ ሊለካ መጥቶ ሲለብሰው በቃጭሉ ታውቀዋለች። «መጣልኝ የኔ ጌታ!» ትላለች ፊቷ እየበራ። ዘጠኝ ዓመት ስታገላብጣት፣ ስታጥባትና ስታጎርሳት የኖረችውን ሴት ልጇን ግን «አንቺ» ከማለት በቀር ጠርታት አታውቅም። ይህም እናትነት ነው እንግዲህ።

ወንድምየው ልብሱን ለብሶ በአዳራሹ በሚሰብክበት ቀን ጠዋት፣ ልታያት የመጣችው ነርስ የአሮጊቷን እጅ ይዛ፣ «እስከ ማታ መቆየቷን እንጃ» አለች። አሮጊቷ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልጄን ጥሪልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ እየሮጠች አዳራሹ ደረሰች። ወንድሟ ከመድረኩ ጀርባ መታጠቂያውን ያስተካክላል።

«እማዬ እየሄደች ነው። ቶሎ ና።»

«አሁን? ሰዉ ሁሉ ተቀምጦ?»

«አንተን ነው የምትጠራው!»

«ሊቀ ካህናት ለአባቱም ለእናቱም ሲል ከመቅደሱ አይወጣም። ተጽፏል። ሕዝቡን በልቡ ላይ ተሸክሞ...»

«የለበስከው እኮ መጋረጃ ነው፣ ወንድሜ!»

«ስጨርስ እመጣለሁ» አለና ሻኩራውን እያንቃጨለ ወደ መድረኩ ወጣ።

ቤት ስትመለስ እናቷ ጆሮዋን ወደ በሩ አቅንታ ነበር። «መጣ?» አለች። ልብስ ሰፊዋ አንጀቷ አልቻለም። ጣሳውን ከፍታ ስድስቱን ቃጭሎች በክር አሰረችና አንቃጨለቻቸው።

«መጣህልኝ!» አለች አሮጊቷ። «በል ያቺን አስወጣት። እሷ ፊት አልናገርም።»

ልብስ ሰፊዋ በሩን ከፍታ መልሳ ዘጋችው፤ እሷ ግን እዚያው ቀረች። ምን ታድርግ፣ እሷ ከወጣች ልጅየውም መውጣቱ ነው።

«ቤቱ ያንተ ነው» አለች እናት። «እሷን ከፈለግህ ጓዳው ውስጥ ታስቀምጣታለህ። እጇ ቀዝቃዛ ነው ልጄ፣ ስትነካኝ ይዘገንነኛል። ዘጠኝ ዓመት ቻልኩት። እስቲ ቅረበኝ፤ ስምሽን በደረቴ እሸከማለሁ ብለኸኝ አልነበር? የቱ ድንጋይ ላይ ነው?»

እጇን ዘረጋች። ድንጋይ አላገኘችም። ያገኘችው ከሴት ልጇ አንገት ላይ የተንጠለጠለውን የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። እሱን ተከትላ ቁልቁል ስትዳስስ ቀዝቃዛው እጅ ላይ ደረሰች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እንደዞረችም ቀረች።

ሰባኪው ከሰዓት በኋላ ልብሱን ሳያወልቅ እየሮጠ መጣ። ቃጭሉ ከደጅ ጀምሮ ተሰማ፤ አልጋው ላይ ግን የሚነቃነቅ አልነበረም።

«ስለ እኔ ምን አለች?» አለ።

ልብስ ሰፊዋ እውነቱን ሁሉ ብትነግረው ቤቱንም የእናቱንም ፍቅር ይዞ ይሄዳል። እሷም ይህን አልፈለገችም።

«የተረፉትን ሻኩራዎች አሰማኋት፤ የመጣህ መሰላት» አለችው። «ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሞተች።»

ከመካከሉ ያስቀረችውን አስቀረች እንጂ አንድም ቃል አልዋሸችም። ሰባኪው «ከእኔ ፊቷን አዞረች!» ብሎ ጮኸ። አንገትጌውን በሁለት እጁ ይዞ ሊቀደው ጎተተ፤ ደም ሥሩ እስኪገተር ጎተተ፤ ተንበርክኮም ጎተተ። ቃጭሉ ብቻ ተንጫጫ።

«አትድከም፣ እንደተጻፈው ነው የሰፋሁት» አለችው።

መቀሱ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ነበር። አላወጣችውም።