ዓርብ ዓርብ የሚሞተው ማዕበል

«ያ የባታክ ልጅ ዓርብ ዓርብ ልብሽን ይነካካል፤ ነግሬሻለሁ!» ትላለች ሁሉ ‹ቼው›፣ እትዬ፣ የሚላት ኤንቲን፣ ኢንዶኔዥያ ባንዱንግ ካለው ቤተ ሙከራ ደጅ ላይ ባታጎር የሚሉትን የዓሣ ሊጥ በዘይት እየጠበሰች። ትናንትም ብላዋለች፤ ነገም ትለዋለች። ወሬዋ እንደ ዘይቷ ነው፤ በተመላለሰ ቁጥር ይጠቁራል።

ልቡ የሬንጋኒስ ነው፤ ሥጋ ሳይሆን ስሌት። የኤሌክትሪክ ማዕበል በሰው ልብ ጡንቻ ላይ እንዴት እንደሚጓዝ በኮምፒውተር ታሰላለች። በቤተ ሙከራው በሥራ የሚቀረው አንድ ተመራማሪ ብቻ ነው፤ ወይ እሷ ወይ ያ የባታክ ልጅ ቲጎር። ቲጎር ቁራጭ ጡንቻ ይዞ ይንፏቀቃል፤ እሷ ሙሉ ልብ ካልሆነ አይሆንላትም። የሱ ቁራጭ ይመታል። የሷ ግን ማዕበሉ ስሱ ግድግዳ ጋ ሲደርስ ድፍት ይላል፤ ያውም ዓርብ ዓርብ።

ዓርብ ወንዶቹ ለጁምዓ ሲወጡ ትልቁ ኮምፒውተር ለነሱ ለሁለቱ ይለቀቃል። ሬንጋኒስ ሙሉ ልቧ በድርሻዋ ሰዓት እንዲያልቅላት፣ ጡንቻው በስሌቱ የተከፋፈለበትን መረብ ዓይን ታሰፋና፣ ዓይኑ ሲሰፋ ስሌቱ ይፈጥናልና፣ ለምሳ ትወጣለች። ክፍሉ ውስጥ የሚቀረው ክርስቲያኑ ቲጎር ነው። ስትመለስ ወንበሯን ሞቆ ታገኘዋለች።

«ባንግ ቲጎር፣ ወንድሜ፣ ወንበሬን ማን አሙቅልኝ አለህ?»

«መስኮቱ አንቺ ጋ ነው፤ ነፋስ እየተቀበልኩ ምሳዬን እበላለሁ። ምነው፣ እንቁላል ጣልኩበት?»

«ልቤንስ ማን ገደለው?»

«እኔን ከምትፈትሺ መረብሽን ፈትሺ፣ እህቴ።»

ሌባ ሲነቃበት ጣቱን ወደ ሌላ ይቀስራል አለች በልቧ። ፓስዎርዷን ቀየረች። በቀጣዩ ዓርብ ማዕበሉ እዚያው ሞተ። ‹ይሄንንም ሰብሮታል!› ብላ ልትከሰው የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰር ቢሮ ገባች።

ቲጎር ሲጠየቅ አልተከራከረም። «አንድ ጊዜ ሌባ ከተባልኩ በኋላ ኪሴን አላራግፍም» ብሎ ሻንጣውን አነሳ፤ ቶባ ሐይቅ ዳር ወዳለው ሀገሩ ተሳፈረ። ቦታው የሷ ሆነ።

በቀጣዩ ዓርብ ኮምፒውተሩ በሙሉ የሷ ነበር፤ መረቡን ማስፋት አላስፈለጋትም። ማዕበሉ ስሱን ግድግዳ እየሳቀ አለፈው።

«አላልኩሽም?» አለች ቼው ኤንቲን አንገቷን በመስኮት አስግጋ።

«ብለሻል፣ ቼው!»

ከዚያም ቲጎር ያበላሸውንና ያልነካውን ልብ ጎን ለጎን አድርጋ ለፕሮፌሰሩ ማሳየት አማራት። በሩን ከውስጥ ቆለፈች፤ የሁለቱ ልዩነት የቲጎር እጅ ብቻ እንዲሆን መረቡን እንደ ድሮው አሰፋችና ወንበሯን ራሷ እያሞቀች አስጀመረችው።

ማዕበሉ ከሰፊ ዓይን ወደ ሰፊ ዓይን መዝለል አቃተው፤ ስሱ ግድግዳ ጋ ሲደርስ ድፍት አለ።