ከላይ የወረደ ዝገት

ዶሮዎቹስ የት ይደሩ ይላሉ አባቷ፣ እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ደርሷል፣ ከጧት ጀምሮ የሚባለው ሁሉ ተብሎ አልቆ አሁን የቀረው ዶሮ ነው፣ ነፊሳ የላሜራ መቀሱን አልለቀቀችም፣ ለአባቷ መልስ ሰጥታ አታውቅም፣ የምትሠራበት ፋብሪካ ወርክሾፕ ውስጥ ወንዶቹ ምላስሽን ማን ወሰደብሽ ይሏታል፣ ይበሏት፣ መዶሻ ምላስ አይፈልግም።

ሰይቼንቶዋ፣ የአባቷ ትንሿ ፊያት መኪና፣ የዶሮ ማደሪያ ሆና ጎመኑ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ነጭ ነበረች። አባቷ ጨው ጭነው ወረታ ገበያ ሲሄዱ እናቷ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ከጆንያው ላይ፣ የእናቷ ሻሽ በመስኮቱ እየተርገበገበ፣ አሁን እናቷ እግሯን ይዟት ከመደብ አትነሳም፣ ወረታ ያለችው የእናቷ እህትም ታማ ተኝታለች፣ ሁለቱ በሰው በሰው ሰላምታ ይላላካሉ፣ አውቶቡሱ ደረጃው ከፍ ያለ ነው፣ አንድ ጊዜ ሁለት ወንዶች እናቷን ተሸክመው ሊያስገቧት ሲሉ ሰው ሁሉ እያየ አለቀሰች፣ ከዚያ ወዲህ ወረታ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም፣ ትናንት ግን፣ ሳትሞት ባያት፣ አለች፣ ለማንም አይደለም፣ ለግድግዳው።

ስለዚህ መኪናዋ ትታደሳለች፣ የዛገው ይቆረጣል። በቃ።

ሞተሩን የፋብሪካው በያጅ አዘዘ አይቶታል፣ ሞተሩስ ደህና ነው፣ አንቺ የበሰበሰውን ቆርጠሽ ምትኩን አዘጋጂ፣ እሑድ መጥቼ እበይድልሻለሁ፣ ወረታም እኔው እነዳለሁ ብሏታል፣ ላሜራ ከየት ይመጣል፣ ከበርሜል፣ በርሜሉን ሰንጥቃ፣ ዘርግታ፣ አሸዋ ላይ አስተኝታ ቀጥቅጣ ከጎማው በላይ የሚገባውን የፓራፋንጎውን ጉብታ አውጥታለች፣ እየተበላሸባት፣ እንደገና፣ እንደገና፣ ታርጋዋም የለም፣ ጠፋ ብለዋል አባቷ፣ ያለ ታርጋ ደግሞ የድልድዩን ኬላ ማን ያሳልፋታል፣ እሱ በኋላ ይታሰባል፣ አሁን መቀሱ።

ክርች። ዝገቱ እንደ ደረቅ ቂጣ ይፈረፈራል፣ ጤነኛው ብረት እስኪመጣ ትገፋለች፣ ተዪ ብያለሁ ይላሉ አባቷ፣ የጣና እርጥበት በልቷታል፣ ነገም ይበላታል፣ ምን ያለፋሻል።

እርጥበት። እርጥበት ከሆነ ታዲያ ይህ ምንድን ነው፣ መኪና የሚዝገው ከሥር ነው፣ ከጭቃው፣ ከጎማው በላይ፣ ይቺ ግን ሥሯ ደህና ነው፣ ዝገቱ ከጣራው ጠርዝ ጀምሮ በበሩ ወርዶ ፓራፋንጎው ላይ ተኝቷል፣ መስመር መስመር ሠርቶ፣ አንድ ሰው ቆሞ ያፈሰሰባት ይመስል፣ የበሩ ማጠፊያ ውስጥ ነጭ ነገር ደርቋል፣ በጥፍሯ ታነሳዋለች፣ ምላሷ ላይ ታደርገዋለች።

ጨው።

የጨው ነጋዴ ግቢ ውስጥ ጨው ምን ይገርማል፣ ግን ያ ዓመት፣ መንግሥት ከየሰዉ መኪና ለዘመቻ የሚሰበስብበት፣ የጎረቤታቸው የሙሀመድዘይን ላንድሮቨር ተነድታ ወጥታ በዚያው የቀረችበት፣ አባቷ በየቀኑ ከሱቅ ሲመለሱ ሰይቼንቶዋን በሽቦ ብሩሽ ይፈትጋሉ፣ ከዚያ በባልዲ ውሃ ያፈሱባታል፣ እሷ ልጅ ናት፣ አባቴ እንዴት ንጹሕ ሰው ነው ትላለች፣ በኋላ የቀበሌ ጠባቂዎች መጡ፣ በጫማቸው መታ መታ አደረጓት፣ ይቺ እንኳን ለዘመቻ ለዶሮም አትሆን ብለው ሳቁ፣ አባቷም አብረዋቸው ሳቁ፣ በማግሥቱ ዶሮ ገዙ።

አባቴ፣ እርስዎ ነዎት ያዛጓት።

ቀስ በይ ይላሉ፣ አጥሩን ያያሉ፣ ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆኗል። እኔ ነኝ። በጨው ውሃ፣ በገዛ እጄ። አሁን ታድሳ መንገድ ላይ ያዩዋት እንደሆን ያን ጊዜ የት ነበረች ይሉኛል፣ አሻጥረኛ ይሉኛል ልጄ።

አሻጥረኛ። የሬዲዮ ቃል፣ ሰውን ከቤቱ አውጥቶ የሚወስድ ቃል፣ ለካ ስለ ዶሮ አልነበረም፣ ለካ ከጧት ጀምሮ ሲፈሩ ነበር፣ መቀሱን ታስቀምጥ ይሆን፣ ታስቀምጥና የቆረጠችውን በስቱኮ ትድፈን፣ እናቷ ግድግዳውን ታናግር፣ አባቷ በሕይወት ይኑሩ፣ ይህም አንድ ነገር ነው፣ ግን ሳትሞት ባያት።

እማዬ ሳታያት እህቷ ከሞተችስ፣ ትላለች ነፊሳ፣ ቀስ ብላ፣ ዓይናቸውን እያየች፣ ማንም ቢጠይቅ እኔ ነኝ ያደስኋት፣ አባቴ አያውቅም እላለሁ።

አባቷ ወደ ጨው መጋዘኑ ይገባሉ፣ ትተውኝ ሄዱ፣ ተቆጡ ትላለች በልቧ፣ ትቆርጣለች፣ ክርች፣ የመጨረሻው ቁራጭ መሬት ይወድቃል፣ ብረቱ ያበራል፣ አባቷ አጠገቧ ቆመዋል፣ በአሮጌ ሽርጥ የተጠቀለለ ነገር ከአዲሱ ላሜራ ላይ ያኖራሉ።

ትፈታዋለች። ታርጋው። ግራሶ ተቀብቶ፣ ወፍራም የመኪና ቅባት፣ ስንት ዓመት ሙሉ፣ በአውራ ጣቷ ስትጠርገው ቁጥሩ ይወጣል፣ አንዲት ነቁጥ ዝገት የለበትም፣ መኪናዋን ያዛገ እጅ ይህን ሲቀባ ኖሯል፣ አንድ ቀን ትወጣለች ብሎ፣ ቀና ትላለች፣ አባቴ ልትል፣ አባቷ ዶሮዎቹን በእግራቸው ገለል ገለል እያደረጉ፣ የግቢውን በር ለመኪናዋ ወለል አድርገው ከፍተው ወደ ሐይቁ እየሄዱ ነው።