የሌላ ልጅ ወረቀት

ሐይቅ ከተማ ዓሣ የምትሸጠው ዑምኩልሱም፣ ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤት ጠርተው ያስፈረሟትን ወረቀት ያነበበችው ከሰባት ወር በኋላ ነው። «ተማሪዋ ትምህርት የመቀበል ችሎታ የላትም» ይላል። የልጇ የኢቲሳም ችግር ጆሮዋ ላይ ነው። አእምሮዋ ምን ሆነና? ደሟ ፈላ።

ዘንድሮ የልጅቱን የግል የትምህርት ዕቅድ ለማውጣት ስትጠራ፣ ባዶ እጇን ላለመሄድ ማለች። ደሴ ወስዳ ጆሮዋን አስመረመረቻት፤ ቀኙ ጨርሶ አይሰማም፣ ግራው ትንሽ ይሰማል። የሒሳብ ደብተሮቿን ሰበሰበች። «ክፍል ውስጥ ምን ያስቸግርሻል?» ብላም ፊት ለፊት ጠየቀቻት።

«መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሲያወራ አፉን አላይም» አለች ኢቲሳም። እናቷ ይህንንም ሉክ ላይ ጻፈችው።

ጡረታ የወጡትን ጎረቤቷን «እትዬ አሰገደች፣ አብረውኝ ይግቡ። እኔ ከተናደድኩ የሚሉትን አልሰማም፤ እርስዎ ይጻፉልኝ» አለቻቸው።

በቀጠሮው ቀን ርዕሰ መምህሩ አቶ ሙሉጌታ፣ ሴቶቹ ገና ሳይቀመጡ ወረቀት ዘረጉላቸው። «እዚህች ጋ ይፈርሙ፤ ስብሰባ አለብኝ።»

ዑምኩልሱም አነበበች። «ተማሪው ባለበት የማየት ችግር ምክንያት...»

«ልጄ ወንድ ናት እንዴ? ዓይኗስ ምን ሆነ?»

«የጽሑፍ ስህተት ነው፣ ይስተካከላል። ቁጣ ምን ያደርጋል?»

«አምናም እንዲህ ነው ያስፈረማችሁኝ! ዓመቱን ሙሉ ኋላ አስቀምጣችሁ ሥዕል አስሣላችኋት። ያን ዓመት ማን ይመልስላታል?» ደብተሮቹን ጠረጴዛው ላይ ወረወረቻቸው።

ለስብሰባው የተጠራው የክፍሏ መምህር ባድሩ አንዱን ገለጥ ገለጥ አደረገ። «ይህን ማካፈል ማን ሠራው?»

«እሷ! ቤት ውስጥ፣ ፊቴን እያየች።»

«እኔ... አይቼው አላውቅም።»

«ወላሂ፣ እኔንም የሚያቃጥለኝ እሱ ነው!»

ዕቅዱ እንደገና በእጅ ተጻፈ። ኢቲሳም ፊት ትቀመጣለች፤ ግራ ጆሮዋ ወደ መምህሩ ይሆናል፤ እሱም ፊቱን ሳያዞር ያስረዳል። ዑምኩልሱም የምልክት ቋንቋ አስተማሪ ስትጠይቅ ግን አቶ ሙሉጌታ «የለንም» አሉ።

«እንግዲያው ‹ጠይቃ ከለከልናት› ብለው ይጻፉና ማኅተም ያድርጉበት።»

እትዬ አሰገደች ብዕራቸውን አንስተው ጠበቁ። አቶ ሙሉጌታ ወረቀቱንም ሴቶቹንም አዩ፤ ከዚያ ወደ ወረዳ ደወሉ። ከውጫሌ በሳምንት ሁለት ቀን የምትመጣ አስተማሪ ተገኘች። ዑምኩልሱም ቅጂውን በእጇ ሳትይዝ አልፈረመችም።

አስተማሪዋ በኅዳር ጀመረች። ኢቲሳም አሁን ክፍል ውስጥ እጇን ታወጣለች። እናቷ ግን አቶ ሙሉጌታን መንገድ ላይ ስታገኛቸው እስካሁን ሰላም አትላቸውም።