የጨረታው አሸናፊ

ደጊቱ ቡራዩ ኬላ ላይ ከታክሲ ወርዳ መንገድ ዳር ከቆመች አንድ ሰዓት አልፏታል። በማዳበሪያ ተጠቅልላ በገመድ የታሰረችው የልብስ ስፌት መኪና እግሯ ሥር ተቀምጣለች። ስልኳን ለስድስተኛ ጊዜ ጆሮዋ ላይ ለጠፈች፤ ያቺ ስሜት የሌላት የተቀዳች ድምፅ የገዢው ስልክ መዘጋቱን ለስድስተኛ ጊዜ ነገረቻት። ማለዳ ግን ክፍት ነበር። ማለዳ፣ ገና ከሰበታ ሳትነሳ፣ ሰውየው ራሱ «ይዘሽልኝ ነይ፤ እጅ በእጅ እንጨርሳለን» ብሎ ጽፎላታል።

ወደ ቤቷ መመለስ ትችላለች። ባለፈው ገዢ ጊዜ ደጋግማ ተመልሳለች። ዛሬ ግን እግሯ አልታዘዝ አላት።

ሰበታ ውስጥ ባለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አሥራ ስምንት ዓመት ማሽን ስትጠግን ኖራ፣ የምትሠራበት ክፍል ሲዘጋ ከባልደረቦቿ ጋር ተሰናበተች። ከዚያ ወዲህ የሞቱ የስፌት መኪናዎችን ከቆራሌዎች እየገዛች ነፍስ ትዘራባቸዋለች። ይቺን መኪና ዓለም ገና ከተማ አንድ ግቢ ውስጥ፣ የዶሮ ኩስ ተጋግሮባት ነበር ያገኘቻት። በእጅ የምትዞር፣ ጥቁር፣ ጎኗ ላይ የወርቅ ቀለም ሐረግ የተሳለባት የድሮ መኪና ናት። ዝገቷን በናፍጣ አስለቅቃ፣ የጎደላትን ጥርስ ራሷ ሞርዳ ገጥማ፣ ድምጿ እስኪለሰልስ ድረስ አንድ ወር ፈጀባት። ከዚያ ፎቶዋን አንስታ ቴሌግራም ላይ ባለ የጨረታ ግሩፕ ለጠፈቻት። ሕጉ ቀላል ነበር፤ ከፍተኛውን ዋጋ የጻፈ ያሸንፋል፣ ያሸነፈ በሁለት ቀን ውስጥ ከፍሎ ይወስዳል።

የመጀመሪያው አሸናፊ በማግሥቱ ከግሩፑ ወጥቶ ጠፋ። ሁለተኛው «ባለቤቴ ታማብኝ ነው» እያለ አንድ ሳምንት አመላለሳትና በመጨረሻ ስልኩን ዘጋባት። በሦስተኛው ጨረታ ፎቶ የሌለው፣ «ኢ» ከምትል አንዲት ፊደል በቀር ስም የሌለው ሰው አሸነፈ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ መልኩን የለወጠው። አንዱ «ይቺ መኪና ለምንድን ነው ተሸጣ የማታልቀው? ባለቤቷ ራሷ በሌላ ስም እየገባች ዋጋ ትሰቅላለች» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው አውራ ጣቱን ቀሰረለት። ደጊቱን ግን ከዚያ ሁሉ የበለጠ ያመማት የፀሐይ ቃል ነበር። ፀሐይ ሱሉልታ ላይ ትንሽ የስፌት ቤት ለመክፈት ደፋ ቀና የምትል ሴት ናት፤ በሦስቱም ጨረታ ሁለተኛ ወጥታለች። ደጊቱ «አንቺ ባልሽው ዋጋ ውሰጃት» ብላ ስትለምናት፣ «እህቴ፣ በሌለ ሰው ዋጋ ስታስጨምሪኝ ከርመሽ አሁን ደግሞ አዘንሽልኝ? እኔን ማድከም ይብቃሽ» ብላ መለሰችላት።

ግሩፑን የሚያስተዳድረው ወንዲ ትናንት ደውሎ ነበር። «ደጊትዬ፣ እኔ አምንሻለሁ። ሰው ግን እኔን ማመን እያቆመ ነው። ይኼኛውም ካልከፈለ ላስወጣሽ ነው» አላት። እንጀራዋ ያለው እዚያ ነው። ካስወጧት ነገ የምትጠግናቸውን መኪናዎች ማን ያያቸዋል? ሌባ የተባለ ሰው ዕቃስ ማን ይገዛል?

ሰውየው ያሸነፈ ዕለት ከላከው አድራሻ ውጭ በእጇ ምንም የለም። ከኬላ ወደ ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር። ማዳበሪያውን በነጠላዋ አዝላ ዳገቱን ተያያዘችው። ብረቱ ጀርባዋን እየቆረቆራት፣ በየእርምጃው የምትናገረውን ታዘጋጅ ነበር። መጀመሪያ ታዋርደዋለች። ጎረቤት ይስማ። ፎቶውን አንስታ ትለጥፈዋለች። በሐሳቧ ያየችው ሰው ወጣት ነበር፤ ጫት የሚቅም፣ በሰው ልፋት የሚሳሳቅ።

በሩን የከፈተችላት ሽርጥ የታጠቀች፣ እጇ ሳሙና የነካው ሴት ናት። ደጊቱ ስልክ ቁጥሩን አሳየቻት።

«የአባባ ነው» አለች ሴትዮዋ ግራ ገብቷት። «ኦቦ ኢቲቻ፣ የባለቤቴ አባት። መሰረት እባላለሁ። ግቢ፣ ፀሐይ እየሞቁ ነው።» ዞር ብላም «አባባ፣ እንግዳ መጥቶልዎታል» አለችና ወደ እጥበቷ ተመለሰች።

ሽማግሌው ግንቡን ተደግፈው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሸሚዛቸው እስከ አንገት ተቆልፏል፤ የሱሪያቸው የካውያ መስመር በምላጭ የተሰመረ ይመስላል። ደጊቱ ሸክሟን ስታወርድ ዓይናቸው ከፊቷ ይልቅ ማዳበሪያው ላይ አረፈ። በገመዱ መሐል የወጣውን ቅርጽ አዩና አንገታቸውን ደፉ።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ኢቲቻ» አለች። የተዘጋጀችበት ስድብ ሁሉ ከአንደበቷ ላይ ጠፍቶ የወጣላት የኦሮምኛው ሰላምታ ብቻ ነበር። ያም ራሱ አናደዳት።

«ነጋ፣ ኢንተላ ኮ። ሰላም ነው፣ ልጄ።» ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። «ትመጪያለሽ ብዬ አላሰብኩም።»

«ይዘሽ ነይ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ብያለሁ። ስጽፈው እውነት ነበር። ልጄን ቁርስ ላይ ገንዘቡን ልጠይቀው፣ እሺ ይለኛል ብዬ ነበር። እምቢ ሲለኝ ስልኩን ዘጋሁት።»

ቀስ በቀስ ነገሯት። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል። ዓይናቸው ሲደክም ልጃቸው ሱቁን ዘጋ፣ የስፌት መኪናቸውን ሸጠ፣ «አባባ፣ አሁን ይረፉ» አላቸው። ስልኩን የገዛላቸውም እሱ ነው፤ እንዳይሰለቻቸው። አንድ ቀን ፊደሉን አተልቀው ሲያነቡ ጨረታውን አገኙት። የደጊቱን መኪና ሲያዩ እጃቸው ራሱ ዋጋ ጻፈ። ሌላው ጨመረ፣ እሳቸውም ጨመሩ።

«ሳሸንፍ ያ ሁሉ ሰው እንኳን ደስ አለህ አለኝ» አሉ። «ስንት ዘመኔ፣ ሰው በሠራሁት ነገር ደስ አለህ ካለኝ።»

 ደጊቱ ልታዝንላቸው ስትል የፀሐይ ቃል ትዝ አላት። እኔን ማድከም ይብቃሽ።

«እኔን ሌባ ብለውኛል፣ አባባ፤ ከእርስዎ ጋር የተጫረተችው የሱሉልታዋ ልጅም ሳትቀር» አለች። «እርስዎ የሉም እየተባለ ነው። እርስዎን የፈጠርኩዎት እኔ ነኝ እየተባለ ነው።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ይህን አላነበቡትም ነበር፤ ካሸነፉ ወዲህ ግሩፑን ለመክፈት ፈርተዋል።

«አንድ ጊዜ ልያት?» አሉ በጣታቸው ማዳበሪያውን እያመለከቱ።

«አይሆንም።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ሻካራነቱ ራሷን አስደነገጣት፤ ግን አልመለሰችውም። «መጀመሪያ ስልክዎን ይክፈቱ። በድምፅዎ ይንገሯቸው። መኖርዎን፣ ሳይከፍሉ መቅረትዎን፣ እኔ እንደማላውቅዎት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ስሜን ሳልጠራ?»

«ስምዎን ጠርተው።»

ከግንቡ ወዲያ የወፍጮው ድምፅ ይሰማል። ኦቦ ኢቲቻ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሻሹ። «እዚያ ውስጥ የሰፈር ሰው አለ፤ ልብስ የሰፋሁላቸው አሉ። ልጄም አለ።»

«እኔም እዚያ ውስጥ አለሁ» አለች ደጊቱ።

 ኦቦ ኢቲቻ ስልኩን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አበሩት። የተጠራቀመው መልእክት ተከታትሎ ገባ፤ ጥሪው እስኪያባራ ጠበቁ። ግሩፑን ከፍተው የድምፅ መቅጃዋን በአውራ ጣታቸው ተጭነው ያዙ።

«ኢቲቻ ጉታ እባላለሁ» አሉ። «ቡራዩ ነው ቤቴ። የልብስ ስፌት መኪናዋን ጨረታ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። ገንዘብ የለኝም፤ ስጫረትም አልነበረኝም። ባለቤቷ ዛሬ ቤቴ እስክትመጣ አታውቀኝም። አላጭበረበረችም። ያስቸገርኩት እኔ ነኝ።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፤ «ሱሉልታ ያለሽውም ልጅ፣ ይቅር በይኝ።»

ጨረሱ። ጣታቸው ግን አልተነሳም። ጣታቸው ከመቅጃዋ ላይ ሲነሳ ድምፁ ወደዚያ ሁሉ ሰው እንደሚሄድ ያውቃሉ። ቀዩ ነጥብ ይርገበገባል፣ ሰከንዶቹ ይሮጣሉ፤ የወፍጮው ድምፅ፣ መሰረት የምታፈሰው ውኃ፣ የሽማግሌው ትንፋሽ፣ ሁሉም እየተቀዳ ነው። መሰረት ከጓዳ በር ብቅ ብላ ሁለቱን አየቻቸውና «አባባ፣ ሰላም ነው?» አለች።

እሳቸው ግን ደጊቱን አዩዋት፤ «ይተዉት» እንድትላቸው የሚጠብቁ ይመስላሉ።

ደጊቱ እጇን ማዳበሪያው ላይ እንዳሳረፈች፣ ያን ከመቅጃዋ ያልተነሳ አውራ ጣት ትመለከት ነበር።